የግል የሥነ ልቦና ሕክምና ማዕከል በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፦ ፈቃዱ፣ ገቢውና የተገልጋዩ መብት

የአእምሮ ጤና አገልግሎት በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታልና በጥቂት ትልልቅ የጤና ተቋማት ተወስኖ ቆይቷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የተለያዩ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በዘርፉ ባለሙያዎችን ማሠልጠናቸውን ተከትሎ ግን አዲስ ጥያቄ ተነሥቷል። ይኸውም ባለሙያዎች የግል ማዕከል ከፍተው እንደ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባሉ ወረዳዎች ማገልገል ይችላሉ ወይ የሚል ነው። ሕጉ ይህን አይከለክልም። ዋናው ፈተና ማዕከሉን በዘላቂነት ማስተዳደሩ ነው።

የአገልግሎቱ ፍላጎት

አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም ይፋ ያደረገው ሪፖርት፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም በነፋስ መውጫ ከተማ በሕወሓት ታጣቂዎች የመደፈር ጥቃት የተፈጸመባቸውን 16 ሴቶች ቃል ይዟል። ከእነዚህ መካከል 15ቱ የአካልና የአእምሮ ጤና ችግር እንደገጠማቸው ተናግረዋል። በአካባቢው ተደጋግሞ የሚከሰተው ድርቅና ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ የቀጠለው የጸጥታ ችግርም በነዋሪው ላይ ተጨማሪ ጫና አሳድረዋል። እንዲህ ያለ ጉዳት በአንድ ቀን ምርመራ የሚቋጭ ሳይሆን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚዘልቅ ተከታታይ ክትትል የሚጠይቅ ነው።

የፈቃድ አሰጣጥ ቅደም ተከተል

ማዕከል ለመክፈት ሦስት ማረጋገጫዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የባለሙያው የሙያ ሥራ ፈቃድ ሲሆን የሚሰጠውም በተመረቀበት የሙያ ዘርፍና ደረጃ ነው። ሁለተኛው ማዕከሉ ለደረጃው የተቀመጠውን የቦታ፣ የባለሙያና የመዝገብ አያያዝ መስፈርት ማሟላቱ በጤና ተቆጣጣሪው አካል ሲረጋገጥ የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ ነው። ሦስተኛው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የሚወጣው የንግድ ፈቃድ ሲሆን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አብሮ ይጠየቃል። ቅደም ተከተሉን አለመጠበቅ ባለሙያውን ለኪሳራ ሊዳርገው ይችላል። የብቃት መስፈርቱን አስቀድሞ ሳያጣራ ቤት የተከራየ ባለሙያ፣ ቤቱ መስፈርቱን ሳያሟላ ቢቀር ሥራ ሳይጀምር ኪራይ ለመክፈል ይገደዳል።

የገቢው ጉዳይ

አጠቃላይ ሕክምና የሚሰጥ የግል ክሊኒክ ከካርድ ክፍያ በተጨማሪ ከላቦራቶሪ ምርመራ ገቢ ያገኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን የሚሸጠው ጊዜውን ብቻ ነው። አንድ የምክር ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ስለሚወስድ በቀን የሚስተናገደው ተገልጋይ ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በዋናነት የሚሸፍነው ውል በገቡ የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠውን አገልግሎት በመሆኑ፣ የግል ማዕከል ክፍያ በአብዛኛው ከተገልጋዩ ኪስ ይወጣል። በርካታ አባወራዎች በሴፍቲኔት በሚደገፉባቸው ወረዳዎች ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

በመሆኑም በትልልቅ ከተሞች የተለመደውን አሠራር እንዳለ ወደ ወገዳ ወይም ወደ ዓርብ ገበያ ማምጣት አዋጭ አይሆንም። የተሻሉ አማራጮች አሉ። ባለሙያው መቀመጫውን ደብረ ታቦር አድርጎ፣ የሚሠራባቸውን ቦታዎች በፈቃዱ አካቶ፣ የገጠሩ ነዋሪ ወደ ከተማ በሚወጣበት የገበያ ቀን በየወረዳው ሊያገለግል ይችላል። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ሰዎች በፈቃዳቸው በቡድን ማስተናገድ የእያንዳንዱን ክፍያ ይቀንሳል። ከትምህርት ቤቶችና ከግብረ ሠናይ ድርጅቶች ጋር የሚገባ ውልም ቋሚ ገቢ ያስገኛል። የሥራ ክፍሉን ነባር ክሊኒክ ውስጥ ማድረግ ደግሞ ከወጪ ቅነሳ ባሻገር ሌላ ጥቅም አለው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ፣ «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ታፔላ ብቻውን በተሰቀለበት በር መግባት ለብዙዎች ይከብዳልና ነው።

ብዙ ቤተሰቦች አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ጸበል መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ከአጥማቂ ካህናትና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በመከባበር የሚሠራ ባለሙያ ሕመምተኛው እምነቱንም ሕክምናውንም ጎን ለጎን እንዲከታተል ያግዛል፤ ከእነርሱ የሚነጠል ግን ተገልጋይ ላያገኝ ይችላል።

ተገልጋዩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

ተገልጋዮች የባለሙያውን የሙያ ፈቃድና የማዕከሉን የብቃት ማረጋገጫ ለማየት መጠየቅ ይችላሉ። የክፍያው መጠንና የሚጠበቀው የክፍለ ጊዜ ብዛትም አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። የተገልጋዩን ምስጢር መጠበቅ የባለሙያው ግዴታ ሲሆን፣ የሙያ ምስጢርን ማውጣት በ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። የሥነ ልቦና ባለሙያ መድኃኒት አያዝም። ስለሆነም መድኃኒት የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ሲያጋጥመው ወደ ሆስፒታል የመላክ ኃላፊነት አለበት። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ለቀናት የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ወይም ራስን መሳት የሚታይበት ሰው ሲኖር ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ወገኖችም የመጀመሪያ እርዳታ ለማግኘት የግል ማዕከል እስኪከፈት መጠበቅ የለባቸውም። በጤና መድን የታቀፉ ነዋሪዎች መታወቂያቸውን ይዘው በቅድሚያ በቀበሌያቸው ክልል ወዳለው ጤና ጣቢያ መቅረብና ሪፈር እንዲጻፍላቸው መጠየቅ ይችላሉ።