በኪስ የቀረ የወባ ኪኒን

ወባ የቆላ በሽታ ናት እንጂ የአዲስ አበባ አይደለችም ይባላል። ነገር ግን ለመንግሥት ሥራ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ሕመሙን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱንም ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዛሬውን ቃል ያጻፈን ይህ ነው።

እኛ ከአዋሽ በተመለስን ጊዜ ክሎሮኪን የተባለውን ኪኒን ሦስት ቀን እንድንውጥ ታዘን ነበር። በሁለተኛው ቀን ስለ ተሻለን የሦስተኛውን ቀን ሁለት ፍሬ በካፖርታችን ኪስ ተውነው። በልደታ ባለው ቤታችን የሁለት ዓመት ልጃችን አገኘችው። እናቲቱ ስትደርስ አንዱ ኪኒን የለም፤ በልጂቱም ከንፈር ላይ ነጭ ዱቄት አለ። አያቷ «ወተት ትጠጣ፥ እናስመልሳትም» አሉ። እናቲቱ ግን ሳትዘገይ አቅፋት ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች። ልጂቱም የልቧ ምት በመሣሪያ ሲጠበቅ አድሮ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ በደኅና ተመለሰች።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ የልብን ምት የሚመራው እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ ጨዎች በልብ ሥጋ ሲገቡና ሲወጡ የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ክሎሮኪን ሲበዛ የጨዎቹን መተላለፊያ ይዘጋል። ያን ጊዜ ምቱ ሥርዓቱን ያጣል፥ የደም ግፊት ይወድቃል፥ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፥ ትንፋሽም ሊቆም ይችላል። ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ሊደርስ ስለሚችል፥ ለትንሽ ሕፃን ሁለት ፍሬ እንኳ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል።

በሐኪም ቤት የልብ ምት በኤሌክትሮካርዲዮግራም ይታያል፤ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየምም ይለካል። ለጠናበት ትንፋሹ በመሣሪያ ይደገፋል፥ አድሬናሊንና ዲያዜፓምም ይሰጠዋል። በ1980 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሐኪሞች ይህ መንገድ ብዙ ክሎሮኪን የዋጡ ዐዋቂዎችን ከሞት እንዳዳነ ጽፈዋል።

መድኃኒቱን ግን አንንቀፈው። በሕፃኑ ክብደት ተመዝኖ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ከወባ ያድናል፤ የሚጎዳው ያለ መጠን የተወሰደው ነው።

በችሎት መዝገብ «ሳላውቅ ነው» የሚለውን ቃል ስንጽፍ ብዙ ዘመን ኖረናል። ያን ሌሊት በሐኪም ቤቱ ደጅ ቆመን ሳለን ግን ይህን ቃል ለራሳችን ልንናገረው አፈርን።

ስለዚህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፥ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ጨርሱ፤ በቤት የሚቀመጠውንም ቁልፍ ባለው ሣጥን አኑሩት። ልጅ የዋጠ እንደ ሆነ ወተት አትስጡ፥ አታስመልሱ፥ ምልክትም አትጠብቁ፤ ማሸጊያውን ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።