ከኩበቱ በፊት ምድጃው
በደጋው አገራችን ዛፍ በተመናመነባቸው ብዙ ቀበሌዎች እንጀራ የሚጋገረው በኩበት ነው። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይጠፋል፤ ገበሬው መልሶ በዩሪያ መልክ ይገዛዋል። ይሁን እንጂ የቤት እመቤቷን «ኩበት አታንድጂ» ብሎ መምከር ብቻ ከንቱ ድካም ይመስለናል፤ በምን ትጋግር?

የልማት ሠራተኛው ምክሩን ከምድጃው እንዲጀምር እናሳስባለን። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ማኅበራትም ቅርጽ ማውጫውን በጋራ ገዝተው በየቀበሌው ቢያሠሩ አባላት በቅርብ ያገኙታል።

ከማገዶ የተረፈው እበት ከገለባና ዘር ካልያዘ አረም ጋር በጉድጓድ ተደራርቦ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ከ3 እስከ 4 ወር ቢቆይ ብስባሽ ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት ለጓሮ ጎመኑና ለድንቹ ቢበቃ ነው፤ ለሩቁ ማሳ ይደርሳል ብሎ ለገበሬው ተስፋ መስጠት አይገባም።