ኦንላይን ቢዝነስ፦ የምትሸጪው ምርት የማን ነው?

ቲክቶክ ላይቭ ላይ አንዷ ብር ስትቆጥር፣ በቴሌግራም ሌላው «ስልክ ካለሽ ቢዝነስ አለሽ» ሲል የማንሰማበት ሳምንት የለም። ይህ ማስታወቂያ የቤት ሠራተኛ ልብ ውስጥ የሚገባው በምክንያት ነው። ኮንትራት ያልቃል፣ ጉልበትም ያልቃል፤ አገር ቤት ስትገቢ የሚቆይሽ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ «የራስሽን ምርት ሠርተሽ በኦንላይን ሽጪ» የሚለው ምክር በራሱ ክፋት የለውም። ጥያቄው ምርቱ ምንድን ነው፣ የት ይሠራል፣ በማንስ ስም ነው የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ምርት የሌለበትን «ቢዝነስ» እንለይ። ከፍለሽ ትመዘገቢያለሽ፣ ጥቂት ቪዲዮ ይላክልሻል፣ ከዚያ ያንኑ ኮርስ ለጓደኞችሽ ሽጪ ትባያለሽ። ጫማ የለ፣ ቅመም የለ፤ የሚሸጠው ቀጥላ የምትገባው ልጅ ናት። በኢትዮጵያ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። ግን ገንዘቡን የተቀበለሽ ሰው በየት አገር እንዳለ እንኳ ሳታውቂ የት ሄደሽ ትከሺያለሽ? ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «ሰው ሳላስገባ ዕቃውን ብቻ ብሸጥ ስንት አገኛለሁ?» መልሱ ከተንዛዛ ተዪው።

ላይቭ ላይ የማይነሳው ሌላው ጉዳይ ምንዛሬ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀ። ከዚያ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። የዮርዳኖስ ዲናር ደግሞ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዲናር 1.41 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ 80 ብር አካባቢ የነበረው ዲናር ከ140 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ለሚልክ ሰው ጥሩ ይመስላል። ከጀበል ሁሴን ወይም ከበለድ ልብስና ሽቶ ገዝታ አዲስ አበባ ለምትሸጥ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በ10 ዲናር የገዛሽው ቀሚስ ድሮ 800 ብር ነበር የቆመብሽ፣ ከለውጡ በኋላ ከ1,400 በላይ ነው፤ ያውም የሻንጣ ኪሎና ቀረጥ ሳይቆጠር። የገዢዋ ደመወዝ ግን እንደዚያ አላደገም። «እህቴ ቅናሽ የለውም?» የሚለው መልእክት የበዛው እኮ ዝም ብሎ አይደለም።

ታዲያ እዚሁ ሠርቼ በዲናር ብሸጥስ? ሽሜሳኒ የባንክና የቢሮ ሰፈር ነው፣ የአረብ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሳይቀር እዚሁ ነው። ብር ያለው ሰው በየፎቁ ሞልቷል፣ ዓርብ ዓርብ እንጀራና አምባሻ የሚናፍቀው ሐበሻም ጥቂት አይደለም። ፈተናው ይገባናል። ነገር ግን የሥራ ፈቃድሽ የተሰጠው ለቤት ሥራ፣ ያውም ለአንድ አሠሪ ነው። የዮርዳኖስ የሠራተኛ ሕግ አንቀጽ 12 ከፈቃዱ ውጭ ሲሠራ የተገኘ የውጭ አገር ዜጋ ከአገር እንዲወጣ ለማድረግ ሥልጣን ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት የቤት ውስጥ ንግድን ለሶርያውያን በምግብ፣ በእጅ ሥራና በልብስ ስፌት ፈቅዷል። ይህን ሰምታ «ለስደተኛ ተፈቅዷል» የምትል አለች፤ ያ ፈቃድ ግን ለእኛ አልተጻፈም። ዕረፍትሽ የራስሽ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን በደንብ ቁጥር 90/2009 የተሰጠሽ መብት ነው። ግን በዕረፍት ቀን መሸጥና ማረፍ በሕጉ ዓይን አንድ አይደሉም። ለማስታወቂያ ብለሽ በማዳም ወጥ ቤት ቪዲዮ ስትቀርጪ ደግሞ ልጆቹና እንግዶቹ እንዳይገቡበት። እ.ኤ.አ. የ2023ቱ የሳይበር ወንጀል ሕግ የሰውን የግል ሕይወት በሚያወጣ ላይ ጨካኝ ነው።

እንግዲህ ከባዱን መንገድ ስንተው አንድ የሚያስኬድ ይቀራል፦ ምርቱ አገር ቤት፣ ከአገር ቤት ነገር፣ በብር ወጪ ይሠራ። ለዚህ ሁሌ የሚነሳው የቤተልሔም ጥላሁን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አካባቢ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶል ሬብልስን ስትጀምር ከውጭ ጫማ አላስመጣችም። አባቶቻችን የሚያውቁትን በረባሶ ይዛ፣ አሮጌ ጎማውን ሶል አድርጋ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ አልብሳ በኢንተርኔት ለውጭ ገዢ አቀረበችው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ዝናዋ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ጥሬ ዕቃው በብር መገዛቱና ሽያጩ በዶላር መሆኑ ነው። ደግሞም እሷ እዚያው ሥራው ላይ ነበረች። አንቺ የለሽም። ልዩነቱ ይህ ነው፣ ቀላልም አይደለም።

በርበሬን እንውሰድ፣ ብዙዎቻችን የምናስበው እሱን ስለሆነ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው እንጂ የዛሬ ገበያ አይደለም። አንድ ኪሎ ተዘጋጅቶ 700 ብር ቢወጣበትና በ850 ብትሸጪው 150 ብር አተረፍኩ ትያለሽ። ሞተረኛው ለማድረስ 70፣ ማሸጊያና ስቲከር 30 ከወሰዱ 50 ብር ቀረ። በወር 20 ኪሎ ቢሄድ 1,000 ብር ነው፤ ዲናሩን 170 ብር ብንይዘው 6 ዲናር አይሞላም። ይህም ስትለቅም፣ ስታስፈጭ፣ ስልክ ስታነሳ ለዋለችው እህትሽ ምንም ሳትከፍዪ ነው። እህትሽ በሦስተኛው ወር «ደከመኝ» ብትል አትቀየሚያት። በዚያ ላይ የታሸገ ምግብ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥር ሥር ነው፣ የንግድ ፈቃድም ይፈልጋል።

ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚሸጠውን ሳይሆን አንዲት ገዢ በዚህ ሳምንት የግድ የምትፈልገውን ፈልጊ። ለአራስ የአጥሚት ዱቄት፣ ተመጥኖ፣ ቤቷ ድረስ የሚደርስ፤ ያቺ ሴት በ20 ብር ልዩነት አትከራከርሽም። መቶ ከማዘጋጀትሽ በፊትም አሥር ሰው ቀብድ ይክፈል። ቀብድ የማይከፍል ገዢ «ያምራል» ቢልም ገዢ አይደለም።

ከዱቄቱ በፊት ግን አንድ ሌላ አለ፣ ብዙዎቻችን በእጃችን ይዘነው ዋጋ ያልሰጠነው። አዲስ የምትመጣ ልጅ የመክተቡ ሰውዬ ምን እንደሚላት አታውቅም። መቅሉባ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ የመንሰፍ ጀሚድ እንዴት እንደሚሟሟ፣ «ደሞዜ ዘግይቷል» በአማን ዓረብኛ ምን እንደሚባል አታውቅም። ይህን ከማንም የቋንቋ መምህር በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከአገር ሳይወጡ በድምፅ የሚማሩት፣ በፊደላችን የተጻፈ ትምህርት ቀረጥ የለውም፣ አይበላሽም። ችግሩ አንዷ ገዝታ ለሃምሳ ሰው ፎርዋርድ ማድረጓ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽን ይጠብቃል፤ ሃምሳ ሰው መክሰስ ግን አትችዪም። ስለዚህ ጽሑፉን በርካሽ ልቀቂውና የሚከፈለው ለትምህርቱ ይሁን፦ በዝግ ግሩፕ ጥያቄ ሲመለስ፣ አነጋገር ሲታረም። እንደ ማንኛውም ንግድ ይህም ሕጋዊ መሆን ስላለበት ፈቃዱና የገንዘቡ መግቢያ አገር ቤት ይሁን።

በማን ስም? እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ እህቶችን ባዶ እጅ አስቀርቷል። የንግድ ፈቃዱ በወንድም ስም፣ ቴሌብሩ በአክስት ልጅ ስም፣ ቻናሉ በጎረቤት ስልክ ከሆነ አንቺ ገንዘብ ላኪ ብቻ ነሽ። ውክልና ስትሰጪ ለምን ሥራ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍ፤ «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል አትፈርሚ። ትርፉ በስምሽ በተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይግባ። ለምትሠራው እህትሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻዋን ቁረጪላት፣ በጽሑፍ ይሁን። ሥጋ ዘመድም ቢሆን፣ ይልቁንም ሥጋ ዘመድ ስለሆነ።

የቴሌግራም ቻናሉን የከፈተው ስልክ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ አንቺ ክፈቺው፣ እሷን አድሚን አድርጊያት፤ መሻርም የምትችዪው አንቺ ነሽ። የዛይን፣ የኦሬንጅ ወይም የኡምኒያ ቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ ሳይሞላ ከቆየ ቁጥሩ ይዘጋና ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቤት ስትቀይሪ ወይም ወደ አገር ስትመለሺ፣ አሮጌው ሲም ገና እየሠራ ሳለ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቁጥሩን ወደ አዲሱ አዛውሪ፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አድርጊበት።