ስለ መንጋጋ ቈልፍ ሕመም

አንድ ሰው እሾኽ ወይም የዛገ ሚስማር ወግቶት ሞተ ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ገዳዩ ዝገቱ አይደለም። የመንጋጋ ቈልፍ ባክቴሪያ ጠንካራ ልባስ ለብሶ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቈያል። አየር ስለማይስማማው፣ ጠባብና ጥልቅ ቍስል ባገኘ ጊዜ በዚያ ነቅቶ ይራባል። ባክቴሪያው ራሱ ከቍስሉ አይርቅም፤ የሚያመነጨው መርዝ ግን በነርቭ በኩል ተጕዞ ኅብለ ሰረሰር ይደርሳል። በዚያም የተኰማተረ ጡንቻ እንዲፈታ የሚያዘውን መልእክት ያፍናል። መንጋጋ የሚቈለፈው፣ ጀርባም እንደ ደጋን የሚለጠጠው ስለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በአራስ ልጅ ላይ ሲደርስ ነው። እትብቱ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ የተቈረጠ ወይም እበት የተቀባ ሕፃን፣ ሁለት ቀን ያህል ደኅና ጠብቶ ከዚያ በኋላ አፉ ይያዝና ጡት መሳብ ይሳነዋል።

እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት ብትከተብ ግን ሰውነቷ ያዘጋጀው መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል ለፅንሱ ይደርሰዋል። አገራችን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 ዓ.ም. ይህን የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሕመም አስወገዱ ከተባሉት አገሮች የተቈጠረችው በክትባትና በንጹሕ አዋላጅነት ነው። ሆኖም ባክቴሪያው ከአፈር አይጠፋም፤ ታሞ የዳነ ሰው እንኳ ካልተከተበ ዳግመኛ ሊታመም ይችላል።

ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፣ ቍስልን ሁሉ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እንጠብ፤ ጥልቅ የሆነውን ለሐኪም እናሳይ። ሐኪም ካላዘዘው በቀር በእትብት ላይ ምንም አንቀባ። በቤታችን ነፍሰ ጡር ካለች ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ እንድትከተብ ዛሬውኑ እናሳስባት።