የሚጮኽ ስሕተት ይሻላል፦ ስለ ቅንብር ፋይሎችና ልዩ ምልክቶች

የሞዴሉ መለኪያዎች፣ የመረጃው አድራሻ፣ የናሙና መሰብሰቢያው ሰዓት፣ ሁሉም የሚጻፉት በአንድ አነስተኛ የቅንብር ፋይል ውስጥ ነው። በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ ኮዱ ይጠየቃል፣ ስታቲስቲክሱ ይጠየቃል፤ ቅንብሩ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ተራ ማስታወሻ ይታለፋል። ይህ ቸልታ የጥናቱን ውጤት ሊያዛባ ይችላል ባይ ነኝ።

ልዩ ምልክት የሚያስከትለው ስሕተት አንዳንዴ ይጮኻል። የፓይተን «ኮንፊግፓርሰር» በይለፍ ቃል ውስጥ «%» ሲያገኝ ሌላ እሴት የሚተካበት ቦታ ይመስለውና ሥራውን ያቆማል። ያናድዳል፤ ሆኖም ማንንም አያሳስትም። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው። በያምል 1.1 ደንብ ያለ ትምህርተ ጥቅስ የተጻፈ 12:30 ሰዓት አይደለም፤ ሁለቱ ነጥቦች በ60 የሚባዛ አሃዝ መለያ ተደርገው ስለሚወሰዱ 750 የሚል ቁጥር ይሆናል። 6:30 እንዲሁ 390 ይሆናል። 06:30 ግን በዜሮ ስለሚጀምር ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ የናሙና መርሐ ግብር ውስጥ አንዱ ሰዓት ጽሑፍ፣ ሌላው ቁጥር ሆኖ ይነበባል፤ ማስጠንቀቂያም የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ያምል 1.2 ይህን ደንብ ትቶታል። በፓይተን ተጠቃሚዎች ዘንድ የተለመደው ፓይያምል ግን ዛሬም የሚከተለው የቀድሞውን ነው።

የራሳችን ፊደልም የራሱ ወጥመድ አለው። «፡» ለዓይን ከ«:» እምብዛም አይለይም፤ በዩኒኮድ ግን 1361 የሚል የራሱ መለያ ያለው ሌላ ምልክት ነው። «ሞዴል:» ከሚል መስመር ሥር ገባ ተብለው የተጻፉ ሁለት መስመሮች ሁለቱም በ«፡» ቢጻፉ ፓይያምል ቅሬታ አያቀርብም። አገጣጥሞ አንድ ጽሑፍ ያደርጋቸዋል። ችግሩ ብቅ የሚለው ከምንጩ ርቆ፣ በሌላ የኮዱ ክፍል ነው።

«መመሪያውን ያላነበበ ተማሪ ጥፋት ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሰዓት የጻፈ ሰው ሰዓት ማለቱ ነው፤ መገመትን የመረጠው ሶፍትዌሩ ነው። «ሁሉንም በጥቅስ ውስጥ አስገባ» የሚለው የተለመደ ምክርም ግማሽ መፍትሔ ነው፤ በጥቅስ የተከበበ 0.5 ቁጥር መሆኑ ይቀርና ጽሑፍ ይሆናል። የሚሻለው እያንዳንዱ እሴት ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት በኮዱ ውስጥ አስቀድሞ መደንገግ፣ ያልተጠበቀ ዓይነት ወይም ያልታወቀ ስም ሲገኝም ፕሮግራሙ ወዲያውኑ እንዲቆም ማድረግ ነው።

ከአማካሪዎቻችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር በአባሪነት እንዲቀርብ የሚጠይቁት ተማሪው የጻፈው ቅንብር ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ ያነበበው ይሁን፤ እያንዳንዱ እሴት ከነዓይነቱ ታትሞ። 750 የሚል የናሙና ሰዓት ያየ ገምጋሚ ሳይጠይቅ አያልፍም።