ልጓም በዘይት፤ በሞያሌ መንገድ ብስክሌት ለሚነዱ

ፍሬን የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ ወደ ቋንቋችን የገባ መሆኑ ይታወቃል። ይኸው ቃል በኢጣልያንኛም፥ ከዚያም አስቀድሞ በላቲን፥ የፈረስ ልጓም ማለት እንደ ነበረ ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ ባልደረቦቻችን «መኪናው ፍሬን በጥሶ ሄደ» ሲባል ሰምተው ብረት እንዴት እንደ ገመድ ይበጠሳል ብለው ይጠይቁናል። እንደሚመስለን አነጋገሩ የፈረስ ዘመን ትዝታ ያለበት ነው፤ ልጓሙን የበጠሰ ፈረስና ፍሬኑን ያጣ ጎማ አንድ ናቸውና። በአስመራ ብሽክለታ፥ በአዲስ አበባ ብስክሌት፥ በስዋሂሊ ባይስኬሊ የሚባለው ይህ የእግር ፈረስ በኬንያው ወገን ልጓሙ ብሬኪ ይባላል፤ ይህም ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ነው። በሞያሌ ገበያ ጥገና የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ቃላት ቢይዝ ይጠቀማል።

ድንበር በመካከሏ የሚያልፍባት ይህች ከተማ አንዱ ወገኗ በኢትዮጵያ፥ ሌላው በኬንያ መሆኑን ለማንም መንገር አያሻም። ከኬንያው ወገን ተነሥቶ በቱርቢና በማርሳቢት አድርጎ ወደ ኢሲዮሎ የሚዘልቀው 500 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ ቀድሞ የከባድ መኪናን አጥንት የሚሰብር ድንጋይና አቧራ ነበር። ዛሬ አስፋልት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ተመርቋል። ከካይሮ ተነሥተው ኬፕ ታውን ድረስ በብስክሌት የሚጓዙ እንግዶችም በዚሁ በኩል ሲያልፉ ይታያሉ። እነዚህ መንገደኞች የሚነዱት፥ የእኛም ወጣቶች እየለመዱት የመጣው የተራራ ብስክሌት፥ ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በዘይት የሚሠራ ነው። መልካም መንገድ ፍጥነትን ያመጣልና ስለዚሁ ፍሬን ጥቂት ለመናገር ወደድን።

አሠራሩ ቀላል ነው። በመሪው ላይ ያለውን እጀታ በጣታችን ስንስብ አንዲት ትንሽ ፒስቶን ዘይቱን ትገፋለች፤ ዘይቱም በቀጭን ቱቦ ወርዶ በጎማው ዘንድ ያሉትን ሰፋ ያሉ ፒስቶኖች ይገፋል፤ እነርሱም በፊታቸው ያሉትን ሸራዎች በዲስኩ ግራና ቀኝ ያጣብቃሉ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚዳረስ በ17ኛው መቶ ዓመት የገለጸው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። ጣት የሰጠው ጥቂት ኀይል በሰፊዎቹ ፒስቶኖች ዘንድ የሚበዛው በዚሁ ሕግ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ዘይት ቢጫኑት የማይታመቅ ስለ ሆነ ነው። አየር ይታመቃል። አየር በቱቦው ከገባ የእጃችን ኀይል ሸራውን በመግፋት ፈንታ አረፋውን በማሳነስ ያልቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት የሚገኘው ከእጅ ነው። እጀታው ሲሳብ እንደ ሰፍነግ ከለሰለሰ፥ ወይም እስከ መሪው ድረስ ከተጠጋ፥ ደጋግሞ ሲሳብ ግን እየጠነከረ ከሄደ፥ አየር መግባቱን እንጠርጥር። ሸራው እጅግ ያለቀ እንደ ሆነም እጀታው ሊርቅ ይችላልና ዘይቱን ከመነካካት በፊት ጎማውን አውልቆ ሸራውን ማየት ይገባል። በብረቱ ላይ የቀረው ሸራ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከደረሰ ሳይውሉ ሳያድሩ መለወጥ ነው።

አየር ከየት ይመጣል ቢሉ፥ አንዱ ምክንያት የጭነት ነገር ነው። ብስክሌት በአውቶቡስ ጣራ ወይም በጭነት መኪና ላይ ሲጫን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ በእጀታው ዘንድ ባለው የዘይት ማጠራቀሚያ ጫፍ ተቀምጦ የነበረው አየርም ወደ ቱቦው ይሸሻል። እንዲህ ሲሆን ለመፍታት መቸኮል አያስፈልግም። ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ አቁሞ እጀታውን ሃያ ሠላሳ ጊዜ በዝግታ መሳብ፥ ከዚያም ስቦ በላስቲክ አስሮ ማሳደር፥ ብዙ ጊዜ አረፋውን ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሰዋል። ለጭነት ሲባል ጎማው በወለቀ ጊዜ የሌላ ሰው ሻንጣ እጀታውን ከተጫነው ደግሞ ፒስቶኖቹ ያለ ዲስክ ይገናኙና ጎማው አልገባም ይላል። ያን ጊዜ በካቻቢቴ መፈልቀቅ ሸራውን ያበላሻል፤ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ፕላስቲክ አስገብቶ በቀስታ ወደ ኋላ መግፋት ይሻላል። አስቀድሞ የታጠፈ ካርቶን በሸራዎቹ መካከል ሰክቶ የጫነ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይደርስበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። የምናውቀው አንድ ወጣት ጸሐፊ ያገለገለ ብስክሌት ከናይሮቢ አስመጥቶ ነበር። የፊቱ ፍሬን ሲለሰልስበት ወደ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው። «ጋሼ፥ እጀታው ባዶ ሆነብኝ» ቢላቸው፥ «ዘይቱ ጎድሎ ነው፥ ልጄ» ብለው ለመኪና የሚሆነውን የፍሬን ዘይት ሞሉለት። ሽማግሌው በመኪና ሥራ የተመሰገኑ ናቸው፤ በዚያም ቀን ፍሬኑ እንደ አዲስ ያዘ። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ግን እጀታው ሲለቀቅ መመለሱ ዘገየ፤ ሸራውም ዲስኩን መፋቁን አልተወም፤ ዲስኩ ሲግል ዘይቱ ሰፋ፤ በመጨረሻም በቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው በራሱ ተይዞ ልጁን ከአስፋልቱ ላይ ወረወረው። ከኋላው የነበረው የከባድ መኪና ነጂ ፍጥነቱን ቀንሶ ይመጣ ስለ ነበር ጉዳቱ በክንድ ስብራት ቀረ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የብስክሌት ፍሬን ዘይት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የማዕድን ዘይት፥ ሁለተኛው እንደ መኪና ያለው፥ ዶት ተብሎ ቁጥር የሚሰጠው ነው። የሺማኖና የማጉራ ፍሬኖች የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። ስራም ለብዙ ዘመን በዶት ሲሠራ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት አንዳንዶቹን ወደ ማዕድን ዘይት አዙሯቸዋል፤ ስለዚህ በድርጅቱ ስም ብቻ መፍረድ አይቻልም። በውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ለአንዱ የተሠሩ እንደ ሆነ በሌላው ዘይት ያብጣሉ። ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ዘይቱ ቢቀየር ወደ ቀድሞው መጠን ተመልሶ አይታመንም፤ ጎሚኒውን ወይም ፍሬኑን በሙሉ መለወጥ ግድ ይሆናል። በማጠራቀሚያው ክዳን ወይም በእጀታው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ጠብታ እንኳ አለመጨመር ነው። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ የፍሬኑን ሞዴል ቁጥር ይዞ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ያሻል። ዶት ቀለም የሚልጥ፥ ቆዳንም የሚያቃጥል መሆኑን ጨምረን እንናገራለን።

አረፋው በማሰር ካልወጣ ዘይቱን መግፋት ያስፈልጋል። አየር ወደ ላይ የሚወጣ ነውና ዘይቱ ከታች ወደ ላይ ቢገፋ ይመረጣል። ሸራዎቹን አውልቆ ከዘይት ማራቅ፥ በፒስቶኖቹ መካከል መግቻ ማስገባት፥ ንጹሕ ዘይት የሞላ መርፌ ከታችኛው መተንፈሻ ጋር በላስቲክ ቱቦ ማገናኘት፥ ከላይ ክዳኑን ከፍቶ መቀበያ ማኖር፤ ከዚያ ቀስ እያሉ መግፋትና ቱቦውን በጣት መታ መታ ማድረግ ነው። ከላይ የሚመጣው ዘይት አረፋ አልባ ሲሆን መተንፈሻው ይዘጋል፤ እጀታው ይሞከራል። የሠራተኛው ችሎታ ከሁሉ ይልቅ በትዕግሥት ይታወቃል።

ፍሬኑ ጠንክሮ ሳለ የማይዝና የሚጮኽ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከአየር አይደለም፤ ሸራው ወይም ዲስኩ ቅባት ነክቶታል። ካቴናውን በላምባ የሚያጥቡ ሰዎች ፍንጣሪው ዲስኩ ላይ ማረፉን አያስተውሉም፤ ጩኸቱን ለማጥፋት ብለው ዲስኩን ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ይህ ከሞኝነት አልፎ ራስን መግደል ነው። ዲስኩ በንጹሕ አልኮል ይወለወላል። ቅባት የጠጣ ሸራ ግን በሸካራ ወረቀት ቢፈተግም እምብዛም አይመለስምና ቢለወጥ ይበጃል። ሲሄድ ብቻ ፍቅ ፍቅ የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ መንጋጋው ከመካከል ወጥቷል፤ የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች አላልቶ፥ እጀታውን እንደ ሳቡ መልሶ ማጥበቅ ነው።

ከማርሳቢት ተራራ ወደ ዲዳ ገልገሉ ሜዳ የሚወርድ ሰው አንድ ሌላ ነገር ይወቅ። ዶት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዳይፈላ ሆኖ የተወሰነ ሲሆን፥ ውሃ ሲገባበት ወሰኑ ወደ 155 ይወርዳል። በረዥም ቁልቁለት ፍሬኑን ሳይለቁ ይዘው ቢወርዱ ሙቀቱ ዘይቱን ያፈላዋል፤ የፈላው እንፋሎትም እንደ አየር ታምቆ እጀታውን ባዶ ያደርገዋል። ማዕድን ዘይት ውሃ ባይጠጣም የገባበት ውሃ ከታች ይጠራቀምና በመንጋጋው ዘንድ ይፈላል። ስለዚህ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፥ ሁለቱን ፍሬኖች ማፈራረቅ፥ ሲብስም ወርዶ ማሳረፍ ነው። ያን ጊዜ ዲስኩን በእጅ መንካት ጣትን ያሳርራል።

አዲስ ሸራ የገባ ዕለት ወዲያው ወደ ቁልቁለት አይሄዱም፤ በሜዳ ላይ ፈጠን ብሎ ሳይቆሙ ብቻ እስኪዘገዩ ድረስ ሃያ ጊዜ ያህል መያዝና መልቀቅ ያስፈልጋል። የሰው ብስክሌት ተውሶ የሚነዳም የትኛው እጅ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ ገና ሳይነሣ ይሞክር፤ በእንግሊዝ ልማድ ቀኝ እጅ የፊቱን ሲይዝ፥ በአሜሪካ ልማድ የፊቱን የሚይዘው ግራ እጅ ነው። ኬንያ መንገዷን በግራ፥ ኢትዮጵያ በቀኝ የምትነዳ ስለ ሆነች በሞያሌ የሚሻገር ሰው በአንድ ቀን ሁለቱን መቀያየር ሊደርስበት ይችላል።