ቦሮቡዱርን ከእግሩ እናንብበው

ባለፈው እትማችን «የጃቫው ምሥጢር» በሚል ርዕስ የወጣውን ጽሑፍ ሁላችንም አንብበነዋል። ጸሐፊው የትምህርት ጓደኛችን ነው፤ ብዕሩም ይፈስሳል። ስለ ቦሮቡዱር የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ሲተርክ ልብ ይሰቅላል። ነገር ግን አንብበን ስንጨርስ እርስ በርሳችን ተያየን። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ሕንፃ ተጽፎ አንድም ድንጋይ ጠራቢ፣ አንድም ተሸካሚ፣ አንድም ግንበኛ አልተነሣም። ሕንፃው ከሰማይ ዱብ ያለ ነው የሚመስለው! ዝም ማለቱ ነውር ሆኖ ታየንና ይህን መልስ ጻፍን። ጠባችን ከሰውየው ጋር አይደለም፤ ከአስተያየቱ ጋር ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንመን። እኛም ጃቫን አላየናትም። እዚያ ድረስ የሚያደርስ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ያለን የቤተ መጻሕፍት ፎቶግራፍና ፕላን ነው። ግን ፕላንም ቢሆን ጊዜ ወስዶ ላየው ሰው ብዙ ይናገራል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሕንፃው እንግባ። እንግባ አልን እንጂ ቦሮቡዱር የሚገባበት አዳራሽ የለውም፤ የሚወጣበት ሕንፃ ነው። የሚገኘው ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ በመካከለኛው ጃቫ፣ ከዮግያካርታ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። የተሠራው በሻይሌንድራ ነገሥታት ዘመን፣ በ8ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ9ኛው መጀመሪያ ነው። አንድ ኮረብታ ድንጋይ ለበሰ፤ ስድስት አራት ማዕዘን እርከን፣ በላያቸው ሦስት ክብ እርከን፣ አናቱ ላይ አንድ ትልቅ ስቱፓ ተደረገበት። ስቱፓ ማለት ደወል የመሰለ የአምልኮ ሕንፃ ነው። የሕንፃው የታችኛው ጎን ርዝመት 118 ሜትር ያህል ይሆናል።

ተሳላሚው ከምሥራቅ ይጀምርና ሕንፃውን በቀኙ እያደረገ ይዞራል። በአራቱ መተላለፊያዎች ግራና ቀኙ ግንብ ነው፤ ግንቡም በቅርጽ የተሞላ ነው። በጠቅላላው 2,672 የተቀረጹ ሰሌዳዎች አሉ። ታሪኩን በቅደም ተከተል ላንብብ ያለ ሰው የመጀመሪያውን መተላለፊያ አራት ጊዜ፣ የቀሩትን ሦስቱን ሁለት ሁለት ጊዜ መዞር አለበት፤ 10 ዙር መሆኑ ነው። ሲዞር ግንቡ ስለሚጋርደው ሜዳውም ተራራውም አይታየውም፤ ያለው ቅርጽና ሰማይ ብቻ ነው። ከዚያ ድንገት ወደ ክቡ እርከን ብቅ ሲል ግንቡም ቅርጹም ያልቃል። 72 ባለ ቀዳዳ ስቱፓዎች ይቀበሉታል፤ በየውስጣቸው አንዳንድ የቡድሃ ሐውልት ተቀምጧል። በመጀመሪያው ክብ 32፣ በሁለተኛው 24፣ በሦስተኛው 16 ሆነው ቁጥራቸው እየቀነሰ ሄዶ አናቱ ላይ አንድ ይቀራል። ይህን ያቀደ ሰው የተሳላሚ እግር የት እንደሚደክም፣ ዓይንም መቼ እንደሚጠግብ አሳምሮ ያውቃል። ይሄ ዕውቀት ነው፤ ምነው ምሥጢር እንለዋለን?

ጸሐፊያችን ግን «በሰው እጅ ተሠራ ለማለት ይከብዳል» ይላል። ለምን ይከብዳል? እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ለሕንፃው የገባው ድንጋይ 55,000 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ አንዴሳይት የሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን ከአካባቢው ወንዞች የተለቀመ ነው። ግንባታው 75 ዓመት ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንይዝ 22,500 ቀን ይመጣል። ሲካፈል በቀን ሁለት ሜትር ኩብ ተኩል አይሞላም፤ በክብደት ስድስት ቶን ገደማ ቢሆን ነው። ይህን ቁጥር ለማንኛውም የድንጋይ ሠራተኛ ንገሩት፤ ስንት ሰው እንደሚበቃው እዚያው ቆጥሮ ይነግራችኋል። በዚህ ውስጥ መንፈስ የሚሸከመው ድንጋይ አላገኘንም። የሚያስደንቀን ሰባ አምስቱ ዓመት ነው፤ አባት የጀመረውን ልጅ፣ ልጅ የተወውን የልጅ ልጅ መያዙ ነው።

ደግሞ ድንጋዩ ዝም ብሎ አልተከመረም። ኖራ የለ፣ ጭቃ የለ፤ አንዱ ወጣ ሌላው ገባ እያለ እንደ አናጢ ሥራ ተቆላልፏል። አንዱ ጠራቢ ልኩን ቢስት ቀጣዩ ድንጋይ አይገጥምም። ይህ ሁሉ ሠራተኛ ደግሞ መብላት አለበት። የሚበላውንም ሩዝ ያጎነበሰ ገበሬ ከማሳው አውጥቶታል። ስለዚህ ቦሮቡዱር ከድንጋይ ብቻ አልተሠራም፤ የሩዝ ማሳም ጭምር አለበት። «ነገሥታቱ አሠሩት» ማለት ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ሌላውን ግማሽ ማን ይጻፈው?

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ቦሮቡዱር የተደበቀ እግር አለው። ከታች፣ ከመሠረቱ ዙሪያ፣ 160 የተቀረጹ ሰሌዳዎች አሉ። የመልካምና የክፉ ሥራን ዋጋ የሚያሳዩ ናቸው። እዚያ ላይ ንጉሥም ቅዱስም ብቻ አይደለም ያለው፤ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ወደ ገበያ የሚሸከም፣ የሚያማ፣ የሚጣላ፣ የሚመጸውት ሰው ሁሉ አለ። አንዱ ላይ ዓሣና ኤሊ በብረት ድስት የሚቀቅሉ ሰዎች ተቀርጸዋል፤ ወረድ ብሎ እነሱው ራሳቸው በሲኦል ይቀቀላሉ። ፍርዱ ይጨክናል፤ ይሁን እንጂ ቀራጩ ድስቱንም እሳቱንም በዓይኑ ያየ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። አንዳንዱ ሰሌዳ ሳያልቅ ቀርቷል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ አጫጭር የሳንስክሪት ጽሑፍ አለ፤ ምን መቀረጽ እንዳለበት ለቀራጩ የተሰጠ ማስታወሻ ነው። ልብ በሉ ጓዶች! ከሺህ ዓመት በላይ ያለፈው የሥራ ትእዛዝ ዛሬም ይነበባል። መንፈስ ለመንፈስ ማስታወሻ አይጽፍም።

ታዲያ ይህ እግር ከ10,000 ሜትር ኩብ በላይ በሆነ ድንጋይ ተሸፈነ። ሕንፃው በክብደቱ እንዳይንሸራተት ተብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ነው የሚሉም አሉ። መኖሩ የታወቀው በ1885 ነው። በ1890 እና በ1891 ሽፋኑ በየተራ እየተነሣ ካሲያን ሴፋስ የተባለ ጃቫዊ ፎቶግራፍ አንሺ አነሣቸውና ተመልሰው ተሸፈኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በጃፓን ወረራ ዘመን፣ ደቡብ ምሥራቁ ማዕዘን ተገለጠ፤ እዚያ ጥቂቶቹ በዓይን ይታያሉ። የቀሩትን የምናውቃቸው በሴፋስ ፎቶግራፍ ነው። ጸሐፊያችን ስለ አናቱ ስቱፓ አንድ ገጽ ተኩል ጽፏል፤ ስለ እግሩ አንዲት መስመር አልተረፈችውም። አናቱን አትመልከቱ አንልም። ግን እግር የሌለው አናት የት ይቆማል?

ሁለተኛው ስሕተት «ዓለም የረሳውን አንድ እንግሊዛዊ አገኘው» የሚለው ነው። ማነው ዓለም? በ1814 ጃቫን ያስተዳድር የነበረው ራፍልስ ወሬውን የሰማው ከማን ነው? ከአገሬው ሰው ነው እኮ! የጃቫ ዜና መዋዕሎች በ1709 ስለ ተነሣ ዐመፅ ሲተርኩ የቦሮቡዱርን ኮረብታ በስሙ ይጠሩታል፤ በ1757 አንድ አልጋ ወራሽ ወደዚያ መሄዱንም ያወሳሉ። ሰው የሚያውቀው፣ የሚፈራው፣ የሚተርክለት ቦታ «ጠፋ» አይባልም። ራፍልስ ኮርኔሊየስ የሚባል ሆላንዳዊ መሐንዲስ ላከ፤ ኮርኔሊየስም 200 ሰዎች ይዞ ለሁለት ወር ዛፍ አስቆረጠ፣ ቁጥቋጦ አስቃጠለ፣ አፈር አስዛቀ። የራፍልስ ስም መጽሐፍ ሁሉ ላይ አለ፤ የኮርኔሊየስም አለ። የ200ዎቹስ? «200 ሰዎች» ተብለው ቀሩ። አፈሩን የዛቀው አላገኘም፤ ያዘዘው አገኘ ተባለ።

ከተገኘ በኋላስ ምን ተደረገ? በ1882 ሕንፃው ይፍረስና ቅርጾቹ ወደ ሙዚየም ይወሰዱ የሚል ሐሳብ ከቅርስ ኃላፊው ቀረበ፤ ደግነቱ አልተፈጸመም። በ1896 የሲያም ንጉሥ ቹላሎንግኮርን ጃቫን ሲጎበኝ የሆላንድ ቅኝ ገዢዎች ስምንት ጋሪ ሙሉ ሐውልትና ቅርጽ አሸክመው ሸኙት። የራሳቸው ያልሆነውን ሰጥተው ለጋስ ተባሉ! ከ504ቱ የቡድሃ ሐውልቶች ከ300 በላይ የሚሆኑት ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ራስ የላቸውም። 43ቱ ደግሞ የሉም። ጸሐፊያችን «ራስ አልባዎቹ ሐውልቶች ዝምታን ያስተምራሉ» ብሎ ተቀኝቷል። አይ ወንድማችን! የተሰረቀ ራስ ዝምታን አያስተምርም፤ ያስከስሳል።

ሦስተኛው «ዘላለማዊው ድንጋይ» የሚለው ነው። ዘላለማዊ የሚባል ድንጋይ የለም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ? የቦሮቡዱር ጠላት ውሃ ነው። ዝናቡ በድንጋዮቹ መካከል ሰርጎ የኮረብታውን አፈር ያረጥበዋል፤ አፈሩ ሲያብጥና ሲሸሽ ግንቡ ይዘማል። የጥንቶቹ ሠሪዎች ይህን ስላወቁ በየማዕዘኑ 100 አሸንዳ አበጁ፤ አፋቸውን የአውሬና የጭራቅ መልክ አስያዙት። ያ ሳይበቃ ቀርቶ ከ1907 እስከ 1911 ቫን ኤርፕ የተባለ ሆላንዳዊ መኮንን አስጠገነው። እሱም አልዘለቀም። በኋላ በኢንዶኔዥያ መንግሥትና በዩኔስኮ ትብብር፣ ከ1975 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አራት ማዕዘኖቹ እርከኖች ተፈትተው እንደገና ተገነቡ። 600 ያህል ሰዎች ሠሩበት፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ድንጋይ ተነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ከግንቡም ጀርባ የውሃ መውረጃና ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ገባ። በ2010 ደግሞ የሜራፒ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ሕንፃውን አለበሰው፤ በመጥረጊያና በባልዲ ያጸዱት ሰዎች ናቸው። ዘላለማዊነት የሚሉት ይሄ ነው፤ በየትውልዱ አንድ ሰው መጥረጊያ ማንሣቱ።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። አይደለም። ሠሪውን ከታሪኩ ያወጣ ሰው ነገ ከግቢውም ያስወጣዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ የቅርስ ፓርክ ሲከለል ለዘመናት እዚያ የኖሩ መንደርተኞች ከቦታቸው ተነሥተዋል። በ2022 ደግሞ ባለሥልጣናት ወደ ላይ ለመውጣት የአገሬው ሰው 750,000 ሩፒያ፣ የውጭ ጎብኚ 100 ዶላር ይክፈል የሚል ዕቅድ አወጡ። ሰበቡ ድንጋዩ እየተበላ ነው የሚል ነበር፤ መበላቱስ እውነት ነው። ግን የቅድመ አያቱን ሥራ ለማየት የጃቫ ገበሬ ያን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ሕዝቡ ጮኸ፤ ዕቅዱም ተተወ። ድንጋዩን ለመጠበቅ የጎብኚውን ቁጥር መወሰን፣ ለስላሳ ጫማ ማስጫማት ይቻላል፤ ኋላም የተደረገው ይኸው ነው። በኪሱ ልክ ሰውን ማጣራት ግን ጥበቃ አይባልም።

ነገሩ ከእኛም ቤት አይርቅም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌሊት መላእክት ይሠሩ እንደ ነበር ትውፊቱ ይነግረናል። በትውፊቱ አንቀልድም፤ ብዙዎቻችን ከእናቶቻችን ጉልበት ላይ ሆነን የሰማነው ነው። ነገር ግን ያው ትውፊት ቀን ቀን ሰዎች ይሠሩ ነበር ይላል። እኛ ስናወራ የሌሊቱን ፈረቃ ብቻ እያነሣን የቀኑን ፈረቃ ለምን እንረሳዋለን? የቀኑ ፈረቃ እኮ መዶሻና መሮ፣ ላብና ቁስል ነበረው። እምነትን ማክበርና ሠሪን መርሳት አንድ አይደሉም። የቦሮቡዱር ተሳላሚም ቢሆን ጉዞውን የሚጀምረው ከታች ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነው። በዚህ መጽሔት ስለ ጥንት ሕንፃ የሚጽፍ ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ «ግሩም» ከማለቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ድንጋዩን ማን ተሸከመ? ውሃው በየት ይወርዳል? ዛሬ በሩ ላይ ማን ቆሞ ማንን ይመልሳል? እነዚህን መልሶ የሚደነቅ ይደነቅ፤ አብረነው እንደነቃለን። እኛም ብንሆን ፎቶግራፉን መጀመሪያ ስናይ አፋችንን ከፍተን «ምሥጢር ነው!» ያልን ነን፤ እርሳስ አንሥተን ማካፈል የጀመርነው በኋላ ነው።

ወንድማችን መልስ ካለው ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ እንለቅለታለን። ብቻ ሲጽፍ ከእግሩ ይጀምር።